የጭላሎ አይጦች፦ ስም፣ ዘረመልና የአንድ ተራራ ታሪክ



ከአሰላ ቀና ብለን በየዕለቱ የምናየው የጭላሎ ተራራ በዓለም የሥነ እንስሳት መዛግብት ከሰፈረ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙን ካስመዘገቡለት ፍጥረታት መካከልም አይጦች ይገኙበታል። ዛሬ ማስረዳት የምሻው ነገር አንድ ነው፦ አንድ ዝርያ መጀመሪያ የተሰየመበት ስፍራ የሳይንስ ሰነድ ነው፤ ስፍራው ሲጠፋ ከሰነዱ ጋር የምናመሳክረውን እናጣለን።

እ.ኤ.አ. በ1911 እና በ1912 ቻይልድስ ፍሪክ የተባለ አሜሪካዊ፣ የፒትስበርግ የብረት ባለሀብት ልጅ፣ የአእዋፍ አጥኚውን ኤድጋር ሚርንስን አስከትሎ ወደ ኢትዮጵያ ተጓዘ። የጉዞው ቡድን በጭላሎ ተራሮች ላይ የሰፈረበት ቦታ በመዛግብቱ “ኢንያላ ካምፕ” ተብሎ ተጽፏል፤ ይህም የደጋ አጋዘንን የሚያስታውስ ስያሜ ነው። ፍሪክ እ.ኤ.አ. በ1914 በካርኔጊ ሙዚየም መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ከዚያ ሰፈር የተሰበሰቡ ሁለት ዝርያዎችን ለሳይንስ አስተዋወቀ። አንደኛው አርቪካንቲስ ብሊኪ ሲሆን፣ ሁለተኛው ስቴኖሴፋሌሚስ አልቦካውዳታ ነው። የሁለተኛው ስም “ጠባብ ራስ ያለው፣ ነጭ ጅራት አይጥ” እንደ ማለት ነው።

ስሞቹን ልብ እንበል። ብሊኪ የሚለው ከፍሪክ ጋር የተጓዘውን ጆን ብሊክን ያወሳል። እንስሶቹ ከአርሲ ወጥተው ውቅያኖስ ተሻገሩ፤ የአገሬው ሰው ለእነርሱ የነበረው ዕውቀት ግን በስያሜው ውስጥ አልገባም። በዚያ ዘመን ዝርያን ከዝርያ የሚለዩት በፀጉሩ ቀለም፣ በጅራቱ ርዝመት፣ በራስ ቅሉና በጥርሱ ቅርጽ ነበር። በሥነ እንስሳት ሕግ መሠረት አንድ ናሙና የስሙ መልሕቅ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከጊዜ በኋላ የሚነሣ ማንኛውም ክርክር ወደዚያ ናሙናና ወደተገኘበት ቦታ ይመለሳል። ስለዚህ ጭላሎ ለእነዚህ ስሞች ዋቢ ሆነ።

ክርክሩም አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2018 ዮሴፍ ብሪያና ባልደረቦቹ በስቴኖሴፋሌሚስ ወገን ላይ ሰፊ የዘረመል ጥናት አሳተሙ። ጥናቱ ወደ 40 ከሚጠጉ ቦታዎች የተሰበሰቡ 347 ናሙናዎችን መርምሯል። በእናት ወገን ብቻ የሚተላለፈው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ አራት ወገኖችን አሳየ። ከሕዋሱ ኒውክሊየስ የተወሰደው ዲኤንኤ ግን ስድስት የተለያዩ የዘር ስብስቦች መኖራቸውን ሲያመለክት፣ የዝምድና ሐረጋቸውም ከመጀመሪያው ጋር እምብዛም አልገጠመም።

ሁለቱ ምስክሮች ለምን ተለያዩ? አጥኚዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ የተራሮቻችንን ጥንታዊ ታሪክ ይነካል። በፕላይስቶሲን ዘመን ቀዝቃዛና ደረቅ ወቅቶች የደጋ አይጦች ዛሬ ሊያልፉት የማይችሉትን ስምጥ ሸለቆ ደጋግመው ተሻገሩ። ከዘመዶቻቸውም ጋር ተገናኝተው ተዳቀሉ፤ የአንዱ ወገን የእናት ዲኤንኤ ወደ ሌላው ገባ። በአንጻሩ በአንዱ ተራራ ላይ ከደን ወደ አስታ ቁጥቋጦ፣ ከዚያም ወደ ውርጩ ሜዳ ስንወጣ፣ እያንዳንዱ ከፍታ የራሱን ዝርያ ለይቶ አቆየ። በ1914 ከራስ ቅል ላይ ሊነበብ ያልቻለው ታሪክ በሕዋስ ውስጥ ተጽፎ ተገኘ። ይህ ንባብ የተቻለው ግን አይጦቹ እስከ ዛሬ በየተራራቸው ስላሉ ነው።

የራሳችን ምሁራንም በዚህ መዝገብ ድርሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 መሐመድ ካሶ፣ አፈወርቅ በቀለና አንድ ባልደረባቸው በጭላሎና ጋላማ ሰንሰለት የሚገኙትን አይጦችና ነፍሳት በል አጥቢዎች ከየመኖሪያቸው ጋር አገናዝበው ያጠኑትን አሳትመዋል። እኔ ይህን ሥራ ፍሪክ ለጀመረው ምዕራፍ እንደ መልስ እቆጥረዋለሁ፤ ስለ ተራራው የሚጽፈው መንገደኛ ብቻ መሆኑ አብቅቷልና።

አሁን የሚያሳስበኝ አደጋ ነው። ጭላሎ የእርሻ ታሪክም አለው። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ ሥራ ሲጀምር፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ብዙ ገበሬ ጠቀሙ፤ ትራክተሩ ግን ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ አፈናቀለ። መሬት ሲጠብብ ማረሻ ወደ ላይ ይወጣል፤ በከፍታው ላይ የሚበቅለው ገብስ የደጋ አይጦችን ሜዳ ይሻማል። እ.ኤ.አ. በ2011 የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መቋቋሙ መልካም ነው፤ የገበሬው ችግር ግን በአዋጅ ብቻ አይፈታም።

በዚህ ላይ ቋንቋችን ሁሉንም “አይጥ” ብሎ ይጠራል። የገበሬውን ጎተራ የሚያራቁተው ማስቶሚስና የተራራው ነጭ ጅራት አንድ አይደሉም፤ ለአንዱ የተዘጋጀ መርዝ ግን ሌላውን አይመርጥም። በባሌ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀይ ቀበሮ ከሚያድናቸው እንስሳት 96 በመቶ ያህሉ አይጦች ናቸው። በአርሲ የቀረው ጥቂት የቀበሮ መንጋም በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የማስተላልፈው ጥሪ ግልጽ ነው። ናሙናው በውጭ አገር ሙዚየም በደንብ ይጠበቃል፤ ሕያው ወገኑን የሚጠብቅለት ግን ከዚህ አካባቢ ሰው በቀር የለም። የገበሬውን ዕውቀት መዝግቡ፤ ጎጂውን ከማይጎዳው ለዩ፤ ማረሻው የት እንደ ደረሰ በየዓመቱ ለኩ። ከ100 ዓመት በኋላ ስለ ጭላሎ የሚጽፍ ሰው በሕይወት ያለውን አይጥ ከስሙ ጋር ማመሳከር ይችል ዘንድ።