«ቀረብ ያለውን አምጣ»፦ የሠንጠረዥ ፍለጋ ቀመር አጭር ታሪክ



በየመዝገብ ቤቱና በየሒሳብ ክፍሉ በየዕለቱ የሚሠራበት አንድ ቀመር አለ፤ ቪሉክአፕ ይባላል። የተማሪ መለያ ቁጥር ሲሰጡት ውጤቱን፣ የዕቃ ቁጥር ሲሰጡት ዋጋውን ከሠንጠረዥ ፈልጎ ያመጣል። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ቀመር የተጠየቀውን ሲያጣ «የለም» በማለት ፈንታ ሌላ ነገር አምጥቶ ዝም የሚልበት ጊዜ ያለው ስለ ምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው ከታሪኩ ነው።

ከሠንጠረዥ ፈልጎ ማንበብ ከኮምፒውተር እጅግ የቀደመ ጥበብ ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒየር እ.ኤ.አ. በ1614 የሎጋሪዝም ሠንጠረዡን ካሳተመ ወዲህ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትና መርከበኞች አድካሚውን ማባዛት ሠንጠረዥ በማንበብና በመደመር ተኩት። የሚፈልጉት ቁጥር በሠንጠረዡ ላይ በትክክል የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነበርና፣ ቀረብ ካለው ረድፍ መነሣት የተለመደ አሠራር ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ያዘጋጁት ቪዚካልክ ለገበያ ሲቀርብ ይህንኑ ልማድ ይዞ መጣ። ሉክአፕ የተባለው ቀመሩ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ከተደረደረ ዝርዝር ውስጥ ከተፈለገው ቁጥር የማይበልጠውን የመጨረሻውን ቁጥር ለይቶ፣ በአጠገቡ የተጻፈውን ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሎተስ 1-2-3 ፍለጋውን ቁልቁልና አግድም ብሎ ለሁለት ከፈለው፤ ማይክሮሶፍት ኤክሴልም ሁለቱን ቀመሮች ከነስማቸው ተቀበለ።

አሠራሩ በራሱ ስሕተት አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ተደንግጎ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ሲሠራበት የቆየውን የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ ለአብነት እንውሰድ። 5,000 ብር የሚል ረድፍ በሠንጠረዡ አልነበረም፤ ቀመሩ ግን ከ3,201 ብር የሚጀምረውን እርከን አግኝቶ 20 በመቶ የሚለውን ይመልስ ነበር። መልሱም ትክክል ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ለእርከን የታሰበውን ቀመር ለመለያ ቁጥር ስንጠቀምበት ነው። በመለያ ቁጥር ዘንድ «ቀረብ ያለ» የሚባል ነገር የለም፤ ቀረብ ያለው ቁጥር የሌላ ሰው ነው። ከዚህም በላይ፣ ቀመሩ የተደረደረውን ዝርዝር ከመካከል እየከፈለ ስለሚፈልግ፣ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ቁጥር እንኳ ሊያልፈው ይችላል። በኤክሴል አራተኛው ግብዓት ላይ «ፎልስ» ብሎ በመጻፍ ትክክለኛውን ብቻ እንዲፈልግ ማዘዝ ይቻላል። ያ ግብዓት ሳይጻፍ ከቀረ ግን ቀመሩ ወደ ጥንቱ ልማዱ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ኤክስሉክአፕ ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው። የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው የሚፈልገው ትክክለኛውን ብቻ ነው፤ ካጣውም ማጣቱን ይናገራል። ከቪዚካልክ እስከዚህ 40 ዓመት አለፈ። ይሁን እንጂ በአሮጌው ቀመር የተሠሩ ፋይሎች ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ እየተላለፉ ዛሬም ያገለግላሉ።

በቀመር ስሕተት ለአንድ ተማሪ የሌላው ውጤት ቢመዘገብ፣ ቁጥሩ ቁጥር ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም፤ ጉዳቱን የሚሸከመው ግን ቀመሩን አይቶት የማያውቀው ተማሪ ነው። ስለዚህ ከሌላ ሰው የተረከባችሁትን ፋይል ስትከፍቱ አስቀድማችሁ አራተኛውን ግብዓት ተመልከቱ። ቀጥላችሁም በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ቁጥር ጠይቁት። መልስ ከሰጣችሁ አትመኑት።