ከሚንጊ እስከ አራርቆ መውለድ፦ ፈቃዱ የማን ነው?

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ሲባል ሰምተን ላደግን ለእኛ፣ የቤተሰብ ምጣኔ ከፈረንጅ አገር በካርቶን ታሽጎ የመጣ ነገር ይመስለናል። ታሪኩንም የምንጀምረው እ.ኤ.አ. በ1966 ከተቋቋመው የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር፣ አለዚያም በ1985 ዓ.ም. ከወጣው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ግን እስቲ ከጂንካ ተነስተን ወደ ደቡብ ኦሞ ቆላ እንውረድ።

በሐመር፣ በበናና በካራ «መቼ ይረገዝ?» የሚለው ጥያቄ ከማኅበሩም ከፖሊሲውም በፊት የነበረ ነው። ባልና ሚስት ከመፀነሳቸው በፊት የሚፈጸም ሥርዓት አለ። ሥርዓቱ ሳይፈጸም የተፀነሰ ልጅ «ሚንጊ» ይባላል። ካላገባች ልጃገረድ የተወለደውም፣ የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለውም እንዲሁ። ሚንጊ በሕይወት ከቆየ ድርቅና በሽታ በሁሉም ላይ ይመጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሕፃኑ ወንዝ ይጣል ወይም ጫካ ይተው ነበር።

ይህን የምንጽፈው ሕዝቦቹን አረመኔ ለማስባል አይደለም። ኑሮው በዝናብና በከብት ላይ ለቆመ ሰው የድርቅ ፍርሃት ቀላል ነገር አይደለም። እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። ማኅበረሰቡ እርግዝና ጊዜ እንዳለው ያውቃል፤ ፈቃዱ ግን በሥርዓቱ እጅ ነበር፣ ዕዳውን የሚከፍሉት ደግሞ ሕፃኑና እናቱ።

ለውጡ የመጣው ከውስጥ ነው። የካራው ተወላጅ ላሌ ላቡኮ ሚንጊ የተባሉ ሕፃናትን አትርፎ ጂንካ ውስጥ እንዲያድጉ አደረገ፤ ሽማግሌዎቹንም ደጋግሞ አነጋገረ። እ.ኤ.አ. በ2012 የካራ ሽማግሌዎች ልማዱ እንዲቀር ወሰኑ።

እንግዲህ የተወለደውን ማዳን አንድ ነገር ነው፤ ያልታሰበው እርግዝና እንዳይመጣ ማድረግ ደግሞ ሌላ። እ.ኤ.አ. በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት የሰበሰባቸው ባለሙያዎች፣ አንዲት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ 24 ወር፣ ፅንስ ከወረደባት ደግሞ ቢያንስ 6 ወር እንድትቆይ መክረዋል። ቶሎ ቶሎ ሲረገዝ ሕፃኑ ያለ ጊዜው የመወለድና ክብደቱ የማነስ አደጋው ይጨምራልና።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2000 የእርግዝና መከላከያ ይጠቀሙ የነበሩት ካገቡ 100 ሴቶች 8 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ግን 36 ደርሰዋል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ትልቅ ድርሻ አለው። ይሁንና አማካይ ቁጥር የአርብቶ አደሩን ጉድለት ይሸፍናል፤ በዚያው በ2016 በሶማሌ ክልል ቁጥሩ ከ2 በታች ነበር።

በመርፌም ሆነ በክንድ በሚቀበረው መከላከያ የምትጠቀም የቆላ ልጃገረድ፣ ልጇ ሚንጊ ይባል ይሆን ብላ አትጨነቅም። ነገር ግን መድኃኒቱ ጤና ኬላ መድረሱ ብቻ አይበቃም። ካራ ላይ እንደታየው ሽማግሌዎቹም መነጋገር አለባቸው፤ በዚህኛው ንግግር ላይ ግን እሷም ትቀመጥ።