ቢውሊና ላቫት

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ገና ጨዋታ ነው። የእኛውን አይደለም፤ የስኮትላንዶችን ነው። ሺንቲ ይሉታል። ዱላው ካማን ይባላል፤ ጫፉ እንደ እኛው የቆለመመ ነው። ጊዜውም አይራራቅም፤ እኛ ታኅሣሥ 29 ሜዳ ስንወጣ፣ እነሱ በአዲስ ዓመታቸው ሰሞን ይወጣሉ። ማን ከማን ወሰደ የምትሉ ካላችሁ እሱን ተዉት፤ ቆልማማ ዱላ የያዘ ልጅ ድቡልቡል ነገር ካገኘ መምታቱ አይቀርም።

ከኢንቨርነስ ከተማ ወደ ምዕራብ ወጣ ስትሉ አንድ ወንዝ አለ። ከወንዙ ወዲህ ኪልታርሊቲ፣ ወዲያ ማዶ ቢውሊ። ሁለቱም መንደሮች ናቸው፤ በእግር ቢሄዱት አያደክምም። የኪልታርሊቲ ልጆች ቡድናቸውን ላቫት ብለውታል፣ በአገሩ ባላባት በሎርድ ላቫት ስም። ሁለቱ በየዓመቱ የሚፋለሙበትም ዋንጫ የላቫት ዋንጫ ነው። አያችሁልኝ? ቢውሊ አሸንፎ ሲጨፍር እንኳ ከፍ አድርጎ የሚያነሣው የባላንጣውን ስም ነው!

ድሮ ጨዋታው አጥቢያ ከአጥቢያ ነበር። የተጫዋች ቁጥር የለው፣ ሰዓት የለው፤ ሲመሽ ያበቃል። በኋላ፣ በ1893 እ.ኤ.አ.፣ ማኅበር አቋቋሙና ሕጉን አንድ አደረጉት። አሁን በአንድ ወገን 12 ሰው ነው፣ ጨዋታው 90 ደቂቃ።

አጀማመሩን ግን ልንገራችሁ። መሐል ሜዳ ላይ ከየወገኑ አንዳንድ ሰው ፊት ለፊት ይቆማል። ካማናቸውን ሽቅብ ቀስረው ከራሳቸው በላይ ያጋጥማሉ። ዳኛው ኳሷን በመሐላቸው ወደ ሰማይ ይወረውራል። ሁለቱም አንጋጠው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ቋ! ዱላ ከዱላ። ኳሷ አየር ላይ እንዳለች መምታት ይቻላል፤ ዱላ ከትከሻ በላይ ማንሣት ነውር አይደለም። ኳሷን በእጁ የሚነካ ግብ ጠባቂው ብቻ ነው፤ እሱም በመዳፉ መልሶ ይመታል እንጂ ጨብጦ መያዝ የለም። እኔ እንጃ፣ በዚያ ብርድ ያቺን ድንጋይ የመሰለች ኳስ በባዶ መዳፍ!

ቢውሊ በ1913 እ.ኤ.አ. የአገሪቱን ትልቅ ዋንጫ፣ የካማናክድን፣ ወሰደ። በዓመቱ የዓለም ጦርነት ተነሣ። ካማን የጨበጡት እጆች ጠመንጃ ጨበጡ፤ ከዚያች መንደር ሄደው ያልተመለሱት ብዙ ናቸው።

ላቫትም በተራው ያንኑ ዋንጫ በ1953 ወሰደ። ከዚያ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ 62 ዓመት ጠበቀ። በ2015 ኪልማሊ የተባለውን ቡድን 2 ለ 1 ረታና ኪልታርሊቲ ሁለተኛ ዋንጫዋን አየች። ወደዚያ አገር የምትሻገሩ ከሆነ ታዲያ ይህን ቢውሊ ውስጥ ጮክ ብላችሁ አታውሩ። የእነሱ የመጨረሻ ያው የ1913ቱ ነው።