እንግድነት ያሻገረው ጥበብ

ሰው ባሕር ማዶ ያለ ወዳጁን ለመጠየቅ ሲነሣ ይዞት የሚሄደው ስንቅና ልብስ ብቻ አይደለም። እጁና እግሩ የለመዱትን፣ በጆሮው ያደረውን ዜማ፣ ከመምህሩ የተቀበለውንም ሥርዓት ይዞ ይሄዳል። በጽሕፈት የተቀመጠ ዕውቀት በመጽሐፍ ተጠርዞ በመርከብ ሊላክ ይችላል፤ የአካል ጥበብ ግን ዐዋቂው ራሱ ካልሄደ፣ የደረሰበትም አገር ሰው በሩን ከፍቶ ካልተቀበለው ከቶ አይሻገርም። ለዚህ ነገር ምስክር እንዲሆነን ዛሬ የምናነሣው፣ ካፖኤራ የሚባለውን የብራዚል ሕዝብ ጨዋታ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ይህን የምንጽፈው ከድሬዳዋ ሆነን ነው፤ ድሬዳዋም እንግድነት የሠራት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ከዚህ ሜዳ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ከተማይቱ በሐዲዱ አጠገብ ተቈረቈረች፤ አዲስ ሐረር የሚል ስምም ተሰጥቷት ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነውና፣ በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ወደ ባሕር የሚወርደውም ከባሕር የሚወጣውም መንገደኛ እዚህ ያርፍ ነበር። በደቻቱ ወዲህና ወዲያ፣ በከዚራና በመጋላ፣ የኦሮሞው፣ የሶማሌው፣ የሐረሪው፣ የአማራው፣ የዐረቡ፣ የግሪኩና የአርመኑ ቋንቋ ተቀላቅሎ ይሰማ ነበር።

ከዚሁ ጣቢያ ወደ ወደብ ይወርድ ከነበረው ጭነት አንዱ የሐረር ቡና ነው። የቡና መገኛ አገራችን ስትሆን፣ ዛሬ በዓለም ላይ ከሁሉ የሚበልጠውን ቡና የምታመርተው ብራዚል ናት። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያ አገር ቡናውን የሚተክለውና የሚለቅመው በብዛት በባርነት የተያዘ ጥቁር ሕዝብ ነበር። የባሪያ ንግድ በቆየባቸው ከ300 በሚበልጡ ዓመታት ከ4 ሚሊዮን በላይ የሆኑ አፍሪካውያን ታስረው ብራዚል ደርሰዋል፤ ከእነርሱም እጅግ ብዙዎቹ ከአንጎላና ከኮንጎ ምድር የተወሰዱ ነበሩ። ከእጃቸው ሁሉ ነገር ተነጥቆ ነበር፤ አካላቸው የሚያውቀውን ግን ማንም ሊነጥቃቸው አልቻለም። ካፖኤራ የተወለደው ከእነዚህ ሰዎች መካከል ነው።

የጨዋታው ሥርዓት እንዲህ ነው። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቆማሉ። አንድ ሽቦ የተወጠረበትና ከሥሩ ቅል የታሰረበት ቤሪምባው የሚባል ደጋን በቀጭን ዘንግ ይመታል፤ እንደ መሲንቋችን አውታሩ አንድ ብቻ ነው። ከበሮ ይከተላል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ሁለት ሰዎች ከደጋኑ ግርጌ ቍጢጥ ብለው ከቆዩ በኋላ ወደ ክቡ መካከል ይገባሉ። አንዱ እግሩን ሲሰነዝር ሌላው ጐንበስ ብሎ ያሳልፋል፤ በእጁ መሬት ተደግፎ ይገለበጣል፤ ፈገግ እያለ ያደባል። የሚመለከተው እንግዳ ጠብ ነው ወይስ ዘፈን ብሎ ይጠራጠራል፤ በእርግጥም ሁለቱም ነው።

በብራዚል ባርነት በሕግ የተሻረው በ1888 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1890 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ካፖኤራን በአደባባይ የተጫወተ ሰው ከ2 እስከ 6 ወር እንዲታሰር ደነገገ። እንግዲህ ሰውዬውን ነፃ ያወጣው መንግሥት ጨዋታውን እንደ ገና አሰረው ማለት ነው። ተጫዋቾቹም በጓሮና በወደብ ዳር እየተሰበሰቡ ቀጠሉበት። ከደጋኑ ምቶች አንዱ የፈረስ ኮቴ የሚያስመስል ነው፤ ፈረሰኛ ፖሊስ መምጣቱን ለማስጠንቀቅ ይመታ እንደ ነበረ ይነገራል።

ጨዋታውን ከጓሮ አውጥተው ወደ ትምህርት ቤት ካስገቡት ሰዎች መካከል ሁለቱ በባህያ አውራጃ፣ በሳልቫዶር ከተማ የኖሩ ናቸው። አንደኛው መምህር ቢምባ በ1937 ለትምህርት ቤታቸው ከመንግሥት ፈቃድ አገኙ፤ በ1953ም በፕሬዚዳንት ጌቱሊዮ ቫርጋስ ፊት ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ተጫወቱ። ሁለተኛው መምህር ፓስቲኛ በ1941 የአንጎላ ካፖኤራ የሚባለውን የቀድሞውን አጨዋወት የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋሙ። ፓስቲኛ ጥበቡን እንዴት እንዳገኙ ሲናገሩ፣ ልጅ ሳሉ አንድ ጉልበተኛ ልጅ ሁልጊዜ ይመታቸው እንደ ነበረ፣ ቤኔዲቶ የሚባሉ አፍሪካዊ ሽማግሌም ይህን በመስኮት አይተው፣ ና ልጄ ብለው ወደ ቤታቸው አስገብተው እንዳስተማሯቸው ይተርኩ ነበር። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው አንድ ሽማግሌ በራቸውን ለጎረቤት ልጅ በመክፈታቸው ነው።

በ1966 በዳካር ከተማ የመጀመሪያው የዓለም ጥቁር ሕዝቦች የሥነ ጥበብ በዓል በተደረገ ጊዜ፣ ፓስቲኛ በ77 ዓመታቸው፣ ዐይናቸው እጅግ ደክሞ ሳለ፣ ከብራዚል መልእክተኞች ጋር ወደ ሴኔጋል ሄዱ። አያቶች በሰንሰለት ታስረው የተሻገሩትን ውቅያኖስ የልጅ ልጆች በእንግድነት ክብር ተመልሰው ተሻገሩት። ሰው ወገኑን ለመጠየቅ ያደረገውን ጕዞ ስናስብ ከዚህ የሚበልጥ ብዙ አናገኝም።

ይሁን እንጂ ጭብጨባ እንጀራ አይሆንም። ፓስቲኛ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የቀድሞው ሰፈር ይታደሳል ተብሎ ከሚያስተምሩበት ቤት እንዲወጡ ተደረጉ፤ ቤቱም አልተመለሰላቸውም። በ1981 ዐይናቸው ጠፍቶ በድኽነት ዐረፉ። ቢምባም ድጋፍ ፍለጋ በ1973 ከባህያ ወጥተው ወደ ጎያኒያ ከተማ ተሰደዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሞቱ። ሁለቱም በገዛ አገራቸው እንግዳ የሆኑ ያህል ነው።

ጥበቡ ግን ከእነርሱ ጋር አልተቀበረም፤ ደቀ መዛሙርቱ መንገደኞች ነበሩና። ከፓስቲኛ ጋር ዳካር ከሄዱት አንዱ ዣዎ ግራንዴ በ1990 ገደማ በኒውዮርክ ተቀምጦ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ2001ም የአሜሪካ መንግሥት ለባህላዊ ጥበብ ዐዋቂዎች የሚሰጠውን ታላቅ ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚማሩ የካፖኤራ ተማሪዎች ወዳጅ ለመጠየቅ ሌላ አገር ሲሄዱ፣ በከተማው ያለውን ክብ ፈልገው ከደጋኑ ግርጌ ቍጢጥ ይላሉ፤ የአገሩን ቋንቋ ባያውቁ እንኳ ሥርዓቱን ስለሚያውቁ ይቀበሏቸዋል። ቀን ተጫውተው ማታ ከዚያው ቤት ያድራሉ፤ ሲመለሱም ያልነበራቸውን አንድ ነገር ተምረው ይመለሳሉ። በ2014 ዩኔስኮ የካፖኤራን ክብ በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ጻፈው። በ1890 ያሳስር የነበረው ጨዋታ በ2014 የአገር መኩሪያ ሆነ።

ለእኛ ይህ ልማድ እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኵፋዳውን አንግቶ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ሲጓዝ ኖሯል። አቋቋም በተለይ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ፣ ከመምህሩ ጋር ቆሞ የሚማሩት እንጂ ከብራና ብቻ የሚቀስሙት አይደለም። ደረሳውም እንደዚሁ ስመ ጥር ሼኽ ወዳሉበት አገር ተጕዞ፣ በመንደሩ ሕዝብ ቸርነት እየተረዳ ይማር ነበር። ለእነዚህ ተማሪዎች ቍራሽ የሰጠች ባልቴት ሁሉ፣ ፊደል ባትቈጥርም፣ ለትምህርቱ መዝለቅ ድርሻ አላት።

የከተማችንም ታሪክ የካፖኤራን ታሪክ የሚመስል ገጽ አለው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋ የተነሣው የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን በኦሮምኛ ይዘፍን ነበር፤ በመንግሥት ተከልክሎም ተበተነ። ከዚያው ቡድን በልጅነቱ የተነሣው ዓሊ ቢራ ዘፈኑን ይዞ በስዊድንና በካናዳ ብዙ ዘመን ኖረ። በ2022 ሲያርፍ ድሬዳዋ ልጇን በታላቅ ክብር ተቀብላ ቀበረችው። ቀብሩ በክብር መሆኑ ያስደስታል፤ ነገር ግን የተከለከለበትንም ዘመን አብሮ ማስታወስ ይገባል። ከተማ ልጇን በሕይወት ሳለ አሳዳ ከሞተ በኋላ ብታለቅስለት፣ የምታለቅሰው ለራሷ ነው።

ዛሬ አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ባለ ጣቢያ ያልፋል፤ በከዚራ ያለው የቀድሞው ጣቢያም የድሮውን መንገደኛ አያይም። ከድሬዳዋ ወደ ባሕር ማዶ የሄዱ ብዙ ወዳጆች ግን አሉን፤ ሊጠይቁን ይመጣሉ፣ ልንጠይቃቸውም እንሄዳለን። ስለዚህ መንገደኛ ሲመጣ ምን አመጣህልኝ ከማለት ይልቅ ምን ተማርህ ብለን እንጠይቀው። ባለሥልጣኑ አንድን አሮጌ ግቢ ለማደስ ትእዛዝ ከመፈረሙ በፊት፣ በዚያ ግቢ ማን ምን እንደሚያስተምር አስቀድሞ ይመርምር። አስተማሪው ከመንደሩ ሽማግሌዎች አንዱን በዓመት አንድ ቀን እንኳ ወደ ክፍሉ ይጋብዝ። ተማሪውም ቢሆን የአያቱን ጨዋታ ሳይማር ሻንጣውን አይዝጋ፤ ባዶ እጁን የሄደ እንግዳ ባዶ እጁን ይመለሳልና።

ቤኔዲቶ የሚባሉት ሽማግሌ የተመቱትን ልጅ በመስኮት ሲያዩ፣ ጥበባቸው ከ70 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ይመለሳል ብለው አላሰቡም። ያደረጉት ልጁን ወደ ቤት ማስገባት ብቻ ነበር።