መዝገቡ የማን ነው? ከሮሎዴክስ እስከ ቴሌግራም

በ2006 አሜሪካ ውስጥ አንድ የኮምካስት ቴክኒሻን ኢንተርኔት ሊጠግን ደንበኛ ቤት ይመጣና ሶፋ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። የቤቱ ባለቤት ቀርጾ ዩቲዩብ ላይ ለቀቀው፤ አገር ሳቀ። ሰውዬው ለምን እንደተኛ ታውቃላችሁ? የራሱ መሥሪያ ቤት ደውሎ፣ ስልክ የሚያነሳለት እስኪያገኝ ሲጠብቅ ነው እንቅልፍ የወሰደው! (ሌላ ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ባንክና ሽያጭ ውስጥ ያላችሁ፣ ስለ ሲአርኤም ጻፍልን ስትሉኝ ከርማችኋል። ሲአርኤም የምንለው የደንበኞችን ግንኙነት የሚያስተዳድረውን ሶፍትዌር ነው። ታሪኩን ከተኛው ሰውዬ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኩባንያው የደንበኛውን ስም፣ አድራሻና ሂሳብ መዝግቦ ይዟል። ደንበኛው ግን እዚያ መዝገብ ላይ የራሱን ቃል የሚጽፍበት ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ሌላ ቦታ ጻፈ።

መዝገቡ መጀመሪያ የሻጩ የግሉ ነበር። በ1950ዎቹ ሮሎዴክስ የሚባል የሚሽከረከር የካርድ መያዣ ወጣ፤ ሻጩ የደንበኛውን ስምና ስልክ፣ ጎበዝ ከሆነም የልጁን የልደት ቀን ሳይቀር ካርዱ ላይ ያሰፍራል። የእኛ ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ዘመድ በሉት። ልዩነቱ፣ የዱቤ ደብተሩን ደንበኛውም ጎንበስ ብሎ ያየዋል፤ «ኧረ የስኳሩን ከፍያለሁ!» ብሎ ይከራከራል። የሮሎዴክሱን ካርድ ግን ማን ያሳየዋል? በ1987 አክት የተባለ ፕሮግራም ወጣና ካርዱ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። በ1993 ቶም ሲበልና ፓትሪሺያ ሃውስ ሲበል ሲስተምስን ሲመሠርቱ ደግሞ መዝገቡ ከሻጩ ኪስ እየወጣ የኩባንያው ንብረት ሆነ። ሻጩ ሥራ ቢለቅ እንኳ የደንበኞቹ ዝርዝር መሥሪያ ቤቱ ይቀራል ማለት ነው። ብዙ ሻጮች ሲስተሙ ላይ መረጃ ማስገባት የሚጠሉት በስንፍና ብቻ አይመስለኝም።

ከዚያ ማርክ ቤኒዮፍ መጣ። በ1999 ሴልስፎርስን መሠረተ፤ በ2000 ሲበል ጉባኤ በጠራበት ቦታ ተዋንያን ቀጥሮ «ሶፍትዌር ይብቃ» የሚል የውሸት ሰላማዊ ሰልፍ አስወጣ። ነገሩ በኢንተርኔት የሚከራይ ሲአርኤም መሸጡ ነበር። ተሳካለት። ሲበልን በ2005 ኦራክል በ5.85 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ግን መዝገቡ ያው ነው፤ ኩባንያው ይጽፋል፣ ደንበኛው ይጻፍበታል።

አሁን ወደ ጊታሩ እንምጣ። በመጋቢት 2008 ካናዳዊው ሙዚቀኛ ዴቭ ካሮል በዩናይትድ አየር መንገድ ከሃሊፋክስ ወደ ኦማሃ ይጓዛል። ቺካጎ ላይ የዕቃ ሠራተኞች ጊታር ሲወረውሩ ከአውሮፕላኑ ውስጥ ታዩ። የእሱ ቴይለር ጊታር ተሰብሮ ደረሰ፤ ማስጠገኛው 1,200 ዶላር። ካሮል ዘጠኝ ወር ያህል ደወለ፣ ጻፈ፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተመላለሰ። የመጨረሻው መልስ «አቤቱታውን በ24 ሰዓት ውስጥ አላቀረብክም» የሚል ሆነ። እስቲ ይህን በሲስተም ዓይን እዩት። ጉዳይ ተከፈተ፣ ደንቡ ታየ፣ ጉዳይ ተዘጋ። አንድም የተበላሸ ነገር የለም! ሪፖርቱም ንጹሕ ነው።

ካሮል በሐምሌ 2009 «ዩናይትድ ጊታር ይሰብራል» የሚል ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ለቀቀ። በአንድ ቀን 150,000 ያህል ጊዜ ታየ፤ እስከ ነሐሴ አጋማሽ 5 ሚሊዮን ደረሰ። ዩናይትድ ካሮል ባቀረበው ሐሳብ 3,000 ዶላር ለአንድ የጃዝ ተቋም ለገሠ። (ዘፈኑ የኩባንያውን አክሲዮን አወረደው የሚለውን ወሬ እኔ አልቀበለውም። በዚያ ዓመት የአየር መንገዶችን አክሲዮን የሚያናውጠው የኢኮኖሚ ቀውሱ ነበር። ጥሩ ታሪክ ሁልጊዜ ማጣፈጫ ይጨመርበታል።)

ኮምካስት በበኩሉ ቀድሞ ነቅቶ ነበር። በ2008 ፍራንክ ኤሊያሰን የተባለ ሠራተኛው ትዊተር ላይ የሚያማርሩ ደንበኞችን ራሱ እየፈለገ እርዳታ ያቀርብላቸው ጀመር። ሶፍትዌር ሻጮቹም ገባቸው። ሴልስፎርስ በመጋቢት 2009 ሲአርኤሙን ከትዊተር ጋር አገናኘ፤ በ2011 ራዲያን ሲክስ የተባለውን ማኅበራዊ ሚዲያ አድማጭ ኩባንያ በ326 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ራዲያን ሲክስ የተወለደው ካናዳ ፍሬደሪክተን ነው፤ ከካሮል ሃሊፋክስ ጎረቤት ክፍለ ሀገር። በ2012 በዲ ሚዲያ የተባለውን በ689 ሚሊዮን ጨመረበት። ኦራክልም በዚያው ዓመት ቪትሩንና ሌሎችን እየሰበሰበ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ሶፍትዌሩ የኩባንያው ስም የተነሳበትን ጽሑፍ ይለቅማል፣ ቁጣ ነው ምስጋና ብሎ ይለያል፣ ከዚያ እንደ ስልክ ጥሪ ጉዳይ ይከፍትለታል። ከባዱ የጸሐፊውን ማንነት ማወቅ ነው። ትዊተር ላይ «አንበሳው 77» ያለውን ሰው ከሂሳብ መዝገቡ ጋር በምን ታገናኘዋለህ? አንድ ነገር ግን ወዲያው ይታያል፤ ተከታዩ ስንት እንደሆነ። ስለዚህ ድምፁ የጎላው ደንበኛ ፈጥኖ የሚስተናገድበት መንገድ ተከፈተ። ካሮል ዘፈን መሥራት ይችላል። የማይችለውስ? ይሄ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተመለሰም ባይ ነኝ።

ሌላ ጣጣም መጣ። ኩባንያው የሚያዳምጠው በሰው ቤት ግድግዳ በኩል ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ሲፈልግ ግድግዳውን ያወፍረዋል። በ2018 ከካምብሪጅ አናሊቲካ ቅሌት በኋላ ፌስቡክ ሌሎች ፕሮግራሞች መረጃ የሚወስዱባቸውን በሮች አጠበበ። በ2023 ትዊተር በነፃ ይሰጠው የነበረውን መግቢያ በክፍያ አደረገ። ራዲያን ሲክስና በዲ ሚዲያ፣ በድምሩ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የወጣባቸው፣ ሶሻል ስቱዲዮ በሚል ስም ተጠቃለው ነበር። ሴልስፎርስ ሶሻል ስቱዲዮን በኅዳር 2024 ዘጋው። መዝገቡ ከሻጩ ወደ ኩባንያው፣ ከኩባንያው ደግሞ ወደ መድረኩ ባለቤት እየተንሸራተተ ነው።

እኛ አገር አብዛኛው ነጋዴ መካከለኛውን ደረጃ ዘሎ በቀጥታ ሦስተኛው ላይ ነው ያረፈው። ሲበልም ሴልስፎርስም ሳያይ ቴሌግራም ላይ ሱቅ ከፈተ፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» አለ፤ በቃ፣ የደንበኛ መዝገቡ ያ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 (በእኛው አቆጣጠር) ቴሌግራምና ፌስቡክ ሲገደቡ ቪፒኤን የማይጠቀመው ደንበኛ ከዓይን ጠፋ። ጫማ የምትሸጥ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ያኔ በስልክ ያገኘችው ቁጥራቸውን የመዘገበቻቸውን ብቻ ነው፤ አርባ አይሞሉም። አሁን ጫማ ስታስረክብ ስልክ ቁጥርና የእግር ልክ ጠይቃ ኤክሴል ላይ ታስገባለች። አንዳንዱ ደንበኛ «ስልኬን ምን ሊያደርግልሽ?» ይላታል፤ እሷም ፋይሉን ከፍታ ስለ እሱ የጻፈችውን ታሳየዋለች።