ሁልጊዜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል

ሰማይ ላይ የተሰቀለ ዓይን ሁሉን ያያል የሚባለው ወግ እኔን አሳምኖኝ አያውቅም። የሳተላይቶችን ታሪክ ሳገላብጥ የሚደንቀኝ ካሜራቸው ሳይሆን መንገዳቸው ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1960 ያመጠቀቻት ቲሮስ 1 የደመና ፎቶግራፍ ስትልክ ጉድ ተባለ። ዳሩ ግን ምሕዋሯ ከምድር ወገብ ጋር 48 ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘነበለ ስለነበር ዋልታዎቹን አታይም፤ በአንድ አገር ላይ የምታልፍበትም ሰዓት ከቀን ወደ ቀን ይዛነፋል። ዛሬ በጠዋት ጥላ፣ ከሳምንታት በኋላ በቀትር ፀሐይ የተነሣን ማሳ ማን ያነጻጽራል?

መፍትሔው የተገኘው ከምድር ጉድለት ነው። ምድር ፍጹም ድቡልቡል አይደለችም፤ ወገቧ ላይ ወፈር ትላለች። ይህ ትርፍ ሥጋዋ የሳተላይቱን ምሕዋር ቀስ በቀስ ያዞረዋል። ከፍታና ዝንባሌ በልክ ከተመረጡ፣ ዙሩ በቀን አንድ ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ ምድር ራሷ ፀሐይን በምትዞርበት ልክ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሳተላይቱ በአንድ አገር ላይ ባለፈ ቁጥር የአገሩ ሰዓት ያው ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1972 የመጠቀችው ላንድሳት 1 በ900 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታና በ99 ዲግሪ ዝንባሌ ይህንኑ ያዘች። በየ18 ቀኑ ትመለሳለች፤ ምድር ወገብንም የምታቋርጠው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር።

ሰዓቱ በዘፈቀደ አልተመረጠም። የጠዋት ጥላ ተራራና ሸለቆን ያጎላል፤ ደመናውም ገና አልከበደም። ነገር ግን ዝናብስ? የእኛን ክረምት የሚያውቅ ሁሉ ዶፉ የሚያዘወትረው ከሰዓት በኋላ መሆኑን አይስተውም። (ላንድሳት ለዝናብ አልተሠራችምና ወቀሳዬ በእርሷ ላይ አይደለም።)

አሜሪካና ጃፓን የሐሩር አገሮችን ዝናብ የምትለካውን ትሪምን እ.ኤ.አ. በ1997 ሲያመጥቁ መንገዷን አውቀው አጣመሙት፤ ዝንባሌዋ 35 ዲግሪ፣ ከፍታዋ 350 ኪሎ ሜትር ሆነ። በወር ከግማሽ ገደማ ውስጥ የአንድን ሥፍራ ጠዋት፣ ቀትር፣ ሌሊት ታዳርሳለች። የቲሮስ እንከን ለትሪም ሙያ ሆነላት! ዋጋም ነበረው፤ የሰሜኑንና የደቡቡን ዓለም አታይም፤ ዝቅ ብላ ስትበር አየሩ ስለሚጎትታት ነዳጅ ትፈጃለች። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ 402 ኪሎ ሜትር ከፍ አደረጓት፤ እስከ 2015ም አገለገለች።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ከቻይና ምድር ላስመጠቀቻት የመጀመሪያ ሳተላይቷ የተመረጠው ሰዓቱን የማያዛንፈው የላንድሳት ዓይነት መንገድ ነው። ማሳና ደን ለሚመለከት ካሜራ እኔም ብሆን ሌላ አልመርጥም ነበር።