የጎሬው ጌታ የእንግዶች ዜና

የእግዚአብሔር ስሙ ይክበር። መቀመጫቸውን በጎሬ ያደረጉትን የኢሉባቦሩን ጌታ የራስ ተሰማ ናደውን ነገር፣ ይልቁንም እንግዳ እንዴት እንደተቀበሉ፣ ከቤታቸው እንጀራ የበላን እኛ እንጽፋለን። የበላ ያዳላል የሚል ካለ፣ ያልበላውም ያዳላል።

በ1890 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ተሰማን፣ ያን ጊዜ ደጃዝማች ነበሩ፣ እስከ ነጭ ዓባይ እንዲወርዱ አዘዙ። ፌቭርና ፖተር የሚባሉ ሁለት ፈረንጆች፣ ከመስኮብም (ከሩሲያ) ኮሎኔል አርታሞኖቭ ከሁለት ኮሳኮች ጋር አብረው ሄዱ። ደጃዝማቹ ለእነዚህ ሁሉ ቀለብና መሪ ሰጡ። እንግዳን እስከ ዓለም ዳርቻ የሸኘ ጌታ ከእርሳቸው ሌላ ማን አለ!

ቆላውን፣ ረግረጉን፣ ትንኙን ተሻግረው በሰኔ አጋማሽ የሶባት ወንዝ ከነጭ ዓባይ ወደሚገናኝበት ደረሱ። የንጉሠ ነገሥታችን ሰንደቅ በወንዙ ዳር ተተከለ። የፈረንሳይን ሰንደቅ በውኃው መካከል ባለው ደሴት ለመትከል ግን ፈረንጆቹ ትኩሳት ይዟቸው ነበርና አልቻሉም። አንድ የአኙዋክ ሰው ልሂድ ብሎ ወደ ውኃው ገባ። መስኮቡ ይህን ባየ ጊዜ አፍሮ፣ ከነኮሳኮቹ አዞ ከሚኖርበት ወንዝ ዘለለ፤ ሰንደቁንም ተከሉ። የአኙዋኩን ስም የጻፈ የለም፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ከዚያም ሠራዊቱ ወደ ደጋው ተመለሰ፤ ትኩሳቱ ጸንቶ ነበርና። ፈረንጆቹ ሊገናኙት ያሰቡት ፈረንሳዊው መኮንን ማርሻን በነጭ ዓባይ ዳር ካለችው ፋሾዳ የደረሰው ከዚህ በኋላ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በጃንሆይና በእንግሊዝ መካከል ውል ተፈረመ። በኢታንግ አጠገብ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት እንግሊዝ ለሚገዛው ሱዳን ለንግድ ማደሪያ ተሰጠ። ማደሪያው ኋላ በጋምቤላ ሆነ። ለእንግዳ መደብ ይነጠፍለታል፣ ጓዳ ግን አይሰጠውም፤ የነገሥታት ምክር ግን ጥልቅ ነው፣ እኛ አንመረምረውም።

ክረምት ሲገባ ባሮ ይሞላል፤ ያን ጊዜም የእሳት መርከብ ከካርቱም ይመጣ ነበር። በበጋ ወንዙ ስለሚጎድል ነጋዴው ቡናውን አከማችቶ ዝናብን እንደ ገበሬ ይጠብቅ ነበር። ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው በበቅሎ ከደጋው በቡሬ ቁልቁለት ይወርድ ነበር፤ ጨውና አቡጀዲ በዚያው መንገድ ይወጣ ነበር። ግሪክና ሶርያዊ በጋምቤላም በጎሬም ሱቅ ከፈተ። ባዶ እጁን የመጣ ባለ መጋዘን ሆነ፤ የሸክሙን ዋጋ ግን በቅሎዋ ታውቃለች።

በዚያው ዘመን እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ከፈቱ። በልቶ መክፈል ለመኳንንቱ ነውር መስሎ ቢታያቸው፣ ጃንሆይ ራሳቸው በልተው ከፈሉ ይባላል። በጎሬ ግን እንግዳው በወጉ ድርጎ ይቆረጥለት ነበር እንጂ ሒሳብ አልመጣለትም።

በ1901 ዓ.ም. ራስ ተሰማ የልጅ ኢያሱ ሞግዚት ሆነው መንግሥቱን ጠበቁ። በ1903 ዓ.ም. ሚያዝያ ዐረፉ። የባሮው ማደሪያ ግን በእንግዳው እጅ ቆየ፤ የተመለሰው ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ ነው።